ራሰ ጠፍጣፋው ሰ

እሱን ወደ እሷ ያመጣው ጥበት ነው። የጋዜጣ ገጽ አቀናባሪ ነበር፤ ርዕስ ዓምዱ ውስጥ አልገባ ባለው ቁጥር «ኧረ ጠበበኝ!» ይላል። ባልደረቦቹ የእናት ያባቱን ስም ትተው «ጠበበኝ» ነበር የሚሉት። ፊደል የምትነድፍ ልጅ አለች ሲሉት ጊዜ አላጠፋም፤ ጋዜጣውን ጠቅልሎ የሥራ ክፍሏ ድረስ መጣ።

«ወፍራም ፊደል ፈልጌ ነበር» አላት። «ግን ቦታ የማይወስድ።»

«ወፍራም ሆኖ ቦታ የማይወስድ? ጤና ነው?»

«አውቶቡስ ውስጥ እጁን ሰብሰብ አድርጎ የሚቀመጥ ወፍራም ሰው አይተሽ አታውቂም?»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ጋዜጣው ላይ አቀረቀሩ።

የሚፈልገው ፊደል እቤቷ ነበር። አባቷ እጁ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ የሱቅና የአውቶቡስ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ፊደሎቹ አጫጭር፣ ደንዳና፣ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ይነበባሉ። ወደ ኮምፒውተር ላስገባቸው ስትለው አንድ ነገር ብቻ አስማላት።

«ውሰጂው ልጄ። ግን አይሸጥም። ሲያልቅ ለተማሪዎች በነፃ ይሰጥልኝ።»

ዓመት ሙሉ አብረው ሠሩ። ጠበበኝ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ፊደሉን በርዕስ፣ በፖስተር፣ በመጽሐፍ ሽፋን ይሞክረዋል። አንድ ቀን ባዶ እጁን መጣ። «ዛሬ ርዕስ የለኝም» አላት፤ «አንቺን ብዬ ነው።» ምን እንደመለሰችለት እስከ ዛሬ አታስታውስም።

የተጣሉት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ቁመት ለመቆጠብ ብላ የ‹ሰ›ን ራስ ጠፍጣፋ አድርጋዋለች።

«ሸ መሰለ እኮ! ራሱን ትንሽ አሹይለት» ይላታል።

«አንባቢ ሞኝ አይደለም።»

«ሞኝስ አይደለም፤ ችኩል ነው እንጂ።»

ግትር ናት፤ አልነካችውም።

ሥራው ሲያልቅ ለትምህርት ቤቶች የማድረሱን ጉዳይ እሱ ያዘው። በዚያው ሰሞን አንድ የሳሙና ፋብሪካ ሰው ፊደሉን ለብቻችን እንግዛ ብሎ ጠበበኝ ዘንድ መሄዱን ከሰው ሰማች። እሱ ግን ትንፍሽ አላላትም። እሷም አልጠየቀችውም፤ ነገሩን ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቶቹ መጽሔት ወጣ። ሽፋኑ ላይ የጠበበኝ ፎቶግራፍና በዚያው በአዲሱ ፊደል የተጻፈ አንድ ርዕስ። አባቷ አነበበና ከወንበሩ ተነሳ።

«ወጣቱ አዲሱን ፊደል ሸጠ ይላል! ሸጠብን ልጄ!»

ነጥቃ አየችው። ሸጠ። በገዛ እጇ የነደፈችውን ፊደል ሸ ብላ አነበበችው። ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እንኳ ማን አይቶት! ጋዜጣው ቢሮ ስትደርስ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር።

«በስንት ሸጥከን?» ጮኸች። «ሌባ!»

ጠበበኝ መጽሔቱን ተቀብሎ አየውና ጣቱን ከፊደሉ ሥር አሳረፈ።

«ሰጠ ነው የሚለው» አላት በቀስታ። «ከሥሩ ደግሞ ‹ለትምህርት ቤቶች በነፃ› ይላል። የፋብሪካውን ሰውዬ እንደሆነ ዕለቱን አባርሬዋለሁ። እምቢ ያልኩትን ምን ብዬ ላውራልሽ?»

ፊቷ በእሳት ተለበለበ። «ይሄ የተረገመ ሰ…»

«ሰን ተይው። ፊደሎቹ ይመሳሰላሉ፣ እሺ። እኔስ? ሌባ እመስላለሁ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ሰን ለማረም አንድ ጠዋት በቃት። ራሱን አሾለችውና ለየትምህርት ቤቱ ላከችው። ጠበበኝ ግን ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሳም። አባቷ መብላት አቃተው።

«እኔ ነኝ ያሳበድኩሽ። ልሂድና እግሩ ላይ ልውደቅ።»

«ተው አባዬ። አንተ አነበብክ እንጂ አልተሳደብክም። የተሳደብኩት እኔ ነኝ።»

ጠበበኝ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል ሲሏት ጋዜጣው ቢሮ ሄደች። ከጠረጴዛው ላይ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«ልትሄድ ነው አሉ።»

«ነገ ጠዋት።»

«ፊደሉ አይደለም ያሳሳተኝ» አለችው። «ፈርቼ ነበር። እንዲህ የሚወደኝ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ነበር። ያን ርዕስ ሳየው ‹ይኸው› አልኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው።

«ይቅር ብዬሻለሁ። እወድሻለሁም እኮ፤ እሱ የት ይሄዳል! ግን አሁን በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ደስታ አልነበረም የቀደመኝ። ደግሞ ምን ልትለኝ ይሆን ነው ያልኩት።»

ይህን ስትሰማ ከስድቡ ቀን ይልቅ አሁን አመማት። እንባዋን በመዳፏ ጠራርጋ ቀና አለች።

«ትመለሳለህ?»

እመለሳለሁ ቢላት ምን ይጎዳው ነበር? ሲለመን የማይጨክን ሰው ነው። ዓይን ዓይኗን ብዙ አያት።

«አላውቅም» አላት።

አመነችው።