በጠራራ ፀሐይ የምታንጠባጥብ ሐረግ

ማንበብ ሳትጀምሩ አንድ ነገር እንስማማ። ይሄን ከጓደኛዬ ጓደኛ አይደለም የሰማሁት። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ። እጄን ሦስት ጊዜ በኦሞ ታጥቤ እንኳን ሽታው አልለቀቀኝም።

ነሐሴ 2002 ዓ.ም.። ጁባ፣ ቶንፒንግ፣ ከአየር ማረፊያው አጥር ጀርባ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

አዎ፣ ቀን ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ «ህልም ነው» ትሉኝ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ጁባ ውስጥ ጤነኛ ሰው አይተኛም... ቆርቆሮው ራሱ አያስተኛም።

ስሜ ፀሎት ነው። ምላሴን የሚያውቅ ሰው ስሜን ሲሰማ ይስቃል። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተስማማንም።

እናቴ ሒሩት አራት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ነበራት። እሷ ከታመመች ወዲህ ግን ምግብ ቤቱ እኔ ሆንኩ። አብሳይ እኔ፣ አስተናጋጅ እኔ፣ ሳህን አጣቢ እኔ፣ አስታማሚም እኔ። ከድካሜ ብዛት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ይሄን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የደከመው ሰው ቶሎ አይፈራም። ቶሎ ያልፈራሁት ለዚህ ነው።

እማን ያመማት ኩላሊቷን ነው።

እግሯ አበጠ። በጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ተነፍቶ ዓይኗ ይጠፋል።

ሲስተር ኛላም የምትባል፣ ክሊኒክ የምትሠራ ጎረቤት አለችን። የኑዌር ልጅ ናት። ያደገችው ጋምቤላ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው፤ የተማረችው ደግሞ አዲስ አበባ። አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፤ ቢያንስ ስድብ የለበትም። እሷ ናት የእማን ደም ወስዳ ያስመረመረችው። ረቡዕ ዕለት ውጤቱን ይዛ መጣችና እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

«ኩላሊቷ ሥራውን እያቆመ ነው። ደም የሚያጥበው ማሽን እዚህ የለም። ካምፓላ መሄድ አለባት።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ከካምፓላ ዕቃ የሚያመላልስ ጋሽ ሐጎስ የሚባል ደንበኛ ነበረን። ሰኞ ሲመለስ ይዞን ሊሄድ ተስማማ።

ከረቡዕ እስከ ሰኞ። እማን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ማቆየት... የቀረኝ ሥራ ይሄ ብቻ ነበር።

«በቀን ሦስት ኩባያ ውሃ» አለችኝ ኛላም። «ከዚያ በላይ አንድ ጉንጭ እንዳትጨምሪላት። ኩላሊቷ ማስወጣት አልቻለም፤ ውሃው ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።»

ልትወጣ ስትል ዓይኗ የእማ አልጋ ራስጌ ላይ አረፈ።

«ያቺ ምንድን ናት?»

«የእማ መድኃኒት» አልኳት።

ሐበሻ ሰው አገር ሲሄድ ሣሩ ሁሉ የአገሩ ይመስለዋል። ግንቦት ላይ እማን ወገቧን ያማት ነበር። ከድልድዩ ማዶ፣ ሸሪካት የሚባል ሰፈር፣ ከሰል ልትገዛ ሄዳ ወንዙ ዳር አንዲት ሐረግ አየች። የቀጨጨች፣ ቅጠሏ ልብ የሚመስል። «ይቺ እኮ አገር ቤት እናቴ ለኩላሊት የምታፈላልን ሐረግ ናት» ብላ እንደ ጠፋ ዘመድ አቅፋ አመጣቻት። ጀሪካን አስቆርጣ መስኮቱ ሥር ተከለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥሯን እየቆረጠች ትሰጠኛለች፤ እኔ አፍልቼ አጠጣታለሁ። ያውም በባዶ ሆድ። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ቄሱ «ለታመመ ሰው ጾም የለም» ቢሏት አሻፈረኝ አለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ልክ ዘጠኝ ሲል ጾሟን የምትፈታው በዚያ መራራ ውሃ ነው።

ኛላም አንድ ቅጠል ቀጥፋ ማስታወሻዋ ውስጥ ከተተች። ክሊኒካቸው ግቢ ዕፅዋት የሚያጠና አንድ ፈረንጅ አርፎ ነበር። «እሱን ላሳየው» ብላ ሄደች።

ሐሙስ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስኒውን ይዤ ስገባ ሐረጓ ታንጠባጥባለች። ከቅጠሏ ጫፍ...

ጠብ።

ጠብ።

«እማ፣ ውሃ አጠጣሻት እንዴ?»

«ከሦስት ኩባያዬ ላካፍላት? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

አፈሩን ነካሁት። ደረቅ ነው። ተሰነጣጥቋል።

ወለሉን በጨርቅ አብሼ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። አላልኳችሁም? የደከመው ሰው ቶሎ አይፈራም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት... አሁንም ጠብ። ጠብ። እጄን ከሥሯ ዘረጋሁ። ጠብታው ይሞቃል። ሕፃን አቅፋችሁ ልብሳችሁ ላይ ሲለቅባችሁ አለ አይደል... እንደዚያ።

ሽታውም እንደዚያው።

እማ ግን ፊቷ ጎድሏል። እግሯን ተጫንኩት። ጉድጓዱ ወዲያው ሞላ።

«አየሽ፣ ቀለለኝ» አለች። «የአገሬ ቅጠል ታውቀኛለች።»

«ሸንተሻል?»

ፖፖዋን የምደፋው እኔ ነኝ። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ደረቅ ነው።

«ምን አስቸኮለሽ አንቺ ምላሰኛ? ሲመጣ ይመጣል።»

ቅዳሜም እንደዚያው ዋለ። ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሐረጓ የምታንጠባጥበው እማ ስትተነፍስ ነው። ወደ ውስጥ ስትስብ ዝም... ስታስወጣ ጠብ።

አዳመጥኩ። ቆጠርኩ። ከዚያ ምግብ የሚጠብቅ ሰው ሳህን በማንኪያ መታ፤ ሄድኩ።

እሑድ ኛላም መጣች። እማ ስኒዋን ጠጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አንቀላፍታለች። ኛላም ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ጆሮዬ ላይ ተጠጋች።

«ይቺ የናንተዋ አይደለችም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፈረንጁ አይቷት ነገረኝ። የናንተዋ ቅጠል ዘንጉ የሚሰካው ሆዱ ላይ ነው፣ እንደ ጃንጥላ። ይቺን እያት።»

አየኋት። ዘንጓ የተሰካው ጠርዟ ላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቧ ስውል ስመላለስ አላየሁም።

«ሌላ አገር ሴቶች ልክ እንደዚህ ቅጠል ተምታቶባቸው የዚችን ዘመዶች ጠጥተዋል» አለችኝ። «ኩላሊታቸው እንደ ደረቀ ባቄላ ተኮማተረ። ምክንያቱ በጥናት የታወቀው በኋላ ነው።»

«እማን እኮ መጀመሪያም ወገቧን...»

«ወገቧን ብቻ ነበር ያመማት ፀሎት። ኩላሊቷን የበላችው ይቺ ናት።»

የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ለሦስት ወር ያንን ስኒ እየያዝኩ ስገባ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጠብ።

ኛላም ዞረች።

«ዕፅዋት ያንጠባጥባሉ» አለች ቀስ ብላ። ለራሷ የምታስተምር ትመስል ነበር። «ግን ንጋት ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ፣ አፈሩ ርሶ ሲያድር። በዚህ ጠራራ ቅጠል ይጠወልጋል እንጂ...»

ጠብ።

ከቦርሳዋ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት አወጣች። ለምን እንዳወጣችው እሷም ያወቀች አይመስለኝም። ጠብታው ሥር ያዘችው። ቀለሙ ተለወጠ። የወረቀቱ ብልቃጥ ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር አስተያየችው። ሌላ አወጣች።

ያው ነው።

«እናትሽ ዛሬ ሸንታለች?»

«ከሐሙስ ጀምሮ ጠብታ የለም።»

ወረቀቱን እጇ ውስጥ ጨበጠችው።

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ሁለታችንም ወደ እማ ዞርን። አውሮፕላን ከላያችን አለፈና ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እማ አልነቃችም።

«ሲስተር» አልኩ። «እየሸናችላት ያለችው ሐረጓ ናት። ከቆረጥኳት እማ ነገን አታይም።»

«ካልቆረጥሻትም መርዟን ትጨምርላታለች።»

«ፊቷ ጎድሏል እኮ። እግሯን ተመልከቺው።»

«ኩላሊቷን የወሰደባትን ነገር አታመስግኚ» አለችኝ። «ቁረጪያት። ነገ ወደ ካምፓላ ትሄዳላችሁ።»

«እስከ ነገ ባትደርስስ?»

ኛላም ዓይኔን ማየት ተወች።

«ማሌሽ» አለች። ይቅርታ እንደ ማለት ነው። ጁባ ውስጥ ሰው ሌላ የሚለው ሲጠፋው የሚላት ቃል ናት።

የሽንኩርት ቢላዬን አመጣሁ።

ግንዷ የጣቴን ያህል ይወፍራል። አንድ ጊዜ ገዘገዝኩ።

«ቀስ በይ።»

ደርቄ ቀረሁ። ያለችው እማ ናት። ፊቷ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

«እማ?»

ጎንበስ ብዬ አዳመጥኳት። ትንፋሿ የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። ኛላምን አየኋት። ወደ በሩ አፈግፍጋ አፏን በእጇ ይዛለች። በሌላ እጇ ጨርሺው አለችኝ።

ገዘገዝኩ።

«ቀስ በይ ልጄ... እያመመኝ ነው።»

ዓይኔን ጨፍኜ ጨረስኩት።

ከቁራጩ የወጣው ነገር ክንዴ ድረስ ፈሰሰ። ሞቃት ነው። ቀለሙን አልነግራችሁም።

ጀሪካኑን ሳነሳው ግን... ቀለለኝ። በጣም ቀለለኝ። ግቢ አውጥቼ አፈሩን ገለበጥኩት። በእጄ በታተንኩት። ኛላምም ቁጢጥ ብላ በታተነችው።

ሥር የለም።

አንዲት ክር የምታክል እንኳን የለችም።

«ጠጥታዋለች» አለች ኛላም። «ሁሉንም ቆርጣ ጠጥታዋለች።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ቆማ ነበር?»

ኛላም ተነሳች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ተረኛ ነኝ ብላ ሄደች። ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

ሰኞ።

እማ አልሞተችም። በራሷ ተነስታ ተቀምጣ አገኘኋት። ሐረጓ የት ሄደች ብላ እንኳን አልጠየቀችም። እግሯ እንደ ልጃገረድ እግር ቀጥኗል። የመጀመሪያውን ኩባያ ውሃ ሰጠኋት።

«አልጠማኝም።»

ሁለተኛውንም «አልጠማኝም» አለች።

ፖፖዋ ደረቅ ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ። ደስታም ከሆነ... ለመደሰት የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። ልብሷን አጠፍኩ፣ የምርመራ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቀለልኩ። ደርሰናል አልኩ በልቤ። ማሽኑ ጋ ትድረስልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት እተኛለሁ።

ጋሽ ሐጎስ አርፍዶ መጣ። ጡሩምባውን ሲነፋ ሰዓቱን አየሁ።

ዘጠኝ።

ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጬ ወደ አልጋዋ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። እማ ሽንት ቤት እንኳን ያለ ትከሻዬ አትሄድም ነበር። ሮጥኩ።

ግቢው መሃል ቆማለች።

ውሻ እንኳን በዚያ ሰዓት የማይቆምበት ቦታ ላይ። የጠዋቱ ዝናብ ያራሰው ጭቃ ላይ፣ በባዶ እግሯ። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ፀሐይ ቀጥ አድርጋዋለች። መዳፎቿ ተዘርግተዋል። ላብ የላትም።

«እማ፣ መኪናው መጥቷል።»

«ትንሽ ልቆይ።»

«ምንም ሳትቀምሺ? ዘጠኝ ሆኗል እኮ።»

«ጠግቤያለሁ» አለች። ድምጿ ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደከመውም።

ጋሽ ሐጎስ ከውጪ ተጣራ። «ሒሩት፣ ኒሙሌ ድንበር ሳይመሽብን እንድረስ እንጂ።»

ክንዷን ይዤ ሳብኳት። አልተነቃነቀችም። ክንዷ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ፀሐይ፣ ቀዝቃዛ።

ሸበጧን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ልጅ ጫማ እንደሚያጠልቁለት፣ ወደ ላይ አነሳሁት።

እግሯ አልተነሳም።

በደንብ ሳብኩት።

መሬቱ ነው አብሮ የተነሳው... ከተረከዟ ሥር ጀምሮ፣ በሻንጣው በኩል፣ በወጥ ቤቱ በኩል፣ እስከ አጥሩ ድረስ በቀጭን በቀጭን መስመር ጭቃው ከፍ አለ። ስለቀው ደግሞ ተመልሶ ተኛ።