የታጠበው ድንጋይ

ዶክተር ገብረጻድቅ ቃላሚኖ አካባቢ ባለ የሥነ ምድር ጥናት ማእከል፣ ድንጋይ ማከማቻው ውስጥ፣ በወደቀ መደርደሪያ ሥር ሞተው ተገኙ። ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነበር።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ለተመድህን ወለሉ ላይ የተበተኑትን ድንጋዮች አየች። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንዱ ብቻ ታጥቧል።

«መደርደሪያውን ያሰረችው እሷ ናት» አለ የሟቹ ረዳት ሥዩም፣ የዕቃ ቤት ሠራተኛዋን ሙስሊማን እያመለከተ። «ቡሎኑን ሳታጠብቅ።»

«ወላሂ አጥብቄዋለሁ። ዛሬ ካሰራችሁኝ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣልኛል?»

ለተመድህን የታጠበው ድንጋይ ላይ የተቀባውን ነጭ ቀስት ነካች። «ይህስ?»

«ድንጋዩ ከመሬት ሳይነሣ ሰሜንን እናመለክትበታለን» አለ ሥዩም። «በረዶው ወዴት እንደሄደ የምናውቀው ድንጋዩ በተጋደመበት አቅጣጫ ነው።»

«በረዶ? ትግራይ ውስጥ?»

የማእከሉ ሾፌር ገዛኢ ሣቀ። «እኔም እንደርስዎ ነበርኩ። ዶክተሩ ግን ‹ድሮ ግግር በረዶ እዚህ ሲንሸራተት ሜዳውን ልጎ፣ ሐይቁን ቆፍሮ፣ ኮረብታውን ከምሮ ሄደ› ይሉ ነበር። ነዳጅ የማይጠጣ ዶዘር ነዋ፣ አልኳቸው።»

ኢንስፔክተሯ ከወለሉ ሦስት ድንጋዮች አንሥታ አንዳንድ ሰጠቻቸው። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ።»

ገዛኢ እንዳይንከባለል በጠፍጣፋ ጎኑ አስቀመጠው። ሙስሊማ የተጻፈበት ቁጥር እንዲነበብ ወደ ፊት አዞረችው። ሥዩም ቀስቱን ወደ ሰሜን አስተካክሎ እጁን አነሣ።

«የታጠበውም ቀስቱ ወደ ሰሜን ነው» አለች ለተመድህን ወደ ሥዩም ዞራ።

«እሷም ሰሜንን ታውቃለች። መካ በዚያ በኩል ነው፤ በቀን አምስቴ ትሰግድበታለች።»

«እኔ ለድንጋይ አልሰግድም፣ ወንድሜ» አለች ሙስሊማ።

ለተመድህን ከሟቹ ኪስ የወጣውን ማስታወሻ አነበበች። «‹ሥዩም ባመጣው ድንጋይ ላይ ያለው ጭረት የበረዶ አይደለም፤ በሞረድ የተሠራ ነው። ነገ ለማእከሉ አሳውቃለሁ።›» የታጠበውን ወደ መስኮቱ አቀረበች። «ሌሎቹን በረዶው እያገላበጠ ስለጎተታቸው ጭረታቸው በየአቅጣጫው ነው። የዚህ ግን ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ዶክተሩን የመቷቸው በዚህ ነው፤ ደሙን አጠቡና መደርደሪያውን ጣሉባቸው። አቶ ሥዩም፣ ወለሉ ላይ ቢጥሉት ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀል ነበር።»



«መጣል ነበረብኝ» አለ ሥዩም ቀስቱን እያየ። «እጄ እምቢ አለኝ። ‹የታጠበ ድንጋይ መሬት አይጣልም፣ ቀስቱ ወደ ሰሜን ዞሮ ይቀመጣል› ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሙስሊማ ሻሿን አስተካክላ ልጆቿን ልታመጣ ወጣች።