ሰባ ሁለት ምት

«ሰው አይደለም አሉ» አለ አንዳርጌ፣ ሻዩን እያማሰለ። ሐሙስ ብሎታል፣ ዓርብ ብሎታል፣ ይኸው ሰኞም ደገመው። ማን አለ ተብሎ ሲጠየቅ «ሰው ነዋ የሚለው!» ይላል።

«ሰው ካለ ምን አስጨነቀህ? አንተስ ከሰው የተቆጠርከው በስንት ልመና ነው» አለችው ትርንጎ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል።

ሁለቱም የሚሠሩት በጥላ ከተማ የትርታ ማጣሪያ ክፍል ነው። ጥላ ከተማ ከበረሃው ፀሐይ እንድትተርፍ ከዳር እስከ ዳር በሸራ የተሸፈነች ከተማ ናት። ማሽን በሰው ስም መጻፍ ከጀመረ ወዲህ እዚያ ባዶ ቃል የሚያነብ የለም። የሚነበበው ትርታ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊው ሲጽፍ የልቡ ምት በእጁ አምባር ተቀድቶ ከቃሉ ጋር ይላካል፣ አንባቢውም በራሱ አምባር በኩል የእጁ አንጓ ላይ ይሰማዋል። ሰው ሲቆጣ፣ ሲያፍር፣ ሲያዝን ምቱ ይዛነፋል። የማሽን አይዛነፍም። የትርንጎ እንጀራ ይህንን መለየት ነው።

ጸሐፊው ሰው አይደለም ተብሎ የተወራበት ገጽ «የሸራ ቀዳዳ» ይባላል። ማን እንደሚጽፈው አይታወቅም። የሚጻፍበትም፣ ትርንጎ እንደምትለው፣ የረባ ነገር አይደለም፤ ካልሲውን መስኮት ላይ ስለሚያሰጣ ሽማግሌ፣ ሊፍት ውስጥ ብቻዋን ስለምትስቅ ሴት። ሁለት መቶ ሺህ ሰው ግን አምባሩን ጠበቅ አድርጎ ያነበዋል። ትርንጎ ደግሞ «ሰንጢ» በሚል የብዕር ስም አራት ዓመት ጽፋ ያፈራችው አርባ አንድ ተከታይ ነው። አንዱ አንዳርጌ ነው፣ እሱም አያነብም። መጻፍ ያስተማራት የለም፤ ሰው የጣለውን መጽሐፍ እየለቃቀመች ራሷን በራሷ ነው ያሠለጠነችው። ባዶ ቤቷ ገብታ ቁጥሩ ያው አርባ አንድ ሆኖ ሲጠብቃት፣ ግድግዳውን «አንተስ አንብበኸዋል?» እያለች ትሳደባለች።

የዚያን ዕለት አላስቻላትም። የ«የሸራ ቀዳዳ»ን ትርታ ከፍታ ቆጠረችው። ስለ ሽማግሌው ካልሲ ሲጻፍ፣ በደቂቃ ሰባ ሁለት። ስለ ሊፍቷ ሴት ሰባ ሁለት። «እናቴ የሞተች ዕለት» የሚለውን ከፈተች። እሱም ሰባ ሁለት፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት።

«አገኘሁህ!» አለች።

ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ረጋ ብላ ጻፈችው። ርዕሱ «እናት የሌለው ማሽን እናቱን ቀበረ» ይላል። በምሳ ሰዓት አርባ አንዱ ዘጠኝ ሺህ ሆነ፤ ከሥራ ስትወጣ ስልሳ ሺህ። ከተማው ተታለልኩ ብሎ ጮኸ፣ ገጹም ታሸገ። በደንቡ መሠረት ባለቤቱ እስከ እሑድ ፀሐይ መጥለቂያ ሰው መሆኑን ካላስመሰከረ፣ ከሳሹም ክሱን ካላነሣ ጽሑፉ በሙሉ ይደመሰሳል።

ረቡዕ ጠዋት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት የትርንጎ የሥራ መስኮት ላይ ቀረቡ። ጣቶቻቸው በመርፌ የተበሳሱ ናቸው።

«ይመኙሻል እባላለሁ። ላይ ሸራውን የምጠግን ነኝ። ያ የታሸገው ገጽ የኔ ነው፣ ልጄ።»

«እጅዎን ያስገቡ፣ እማማ።»

መመርመሪያው ቆጠረ፤ ሰባ ሁለት። «ማሽን» የሚል ቀይ ጽሑፍ በራ።

ሴትዮዋ ሳቁ። «ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የተናገረው።» የቀሚሳቸውን አንገት ዝቅ አድርገው ደረታቸው መሐል የወረደውን ጠባሳ አሳዩአት። «የተተከለ ሰው ሠራሽ ልብ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ወሬውም የለው። እናቴን የቀበርኩት በዚሁ ነው።»

ትርንጎ ዓይኗን ወደ መመርመሪያው መለሰች። «የሐኪም ቤት ማስረጃ ያስፈልጋል» አለች።

«ጠይቄ፣ አሥር ቀን ይፈጃል አሉኝ።» ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። «ያቺን ሰንጢ የምትባለውን ታውቂያታለሽ? ክፉ አትመስለኝም፤ ብዕሯ ያምራል። ተሳስቻለሁ ብላ አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ይበቃል። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከሰው ጋር የማወራው እዚያ ብቻ ነው።»

«አላውቃትም።»

«ካገኘሻት ንገሪልኝ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው ናቸው አሉ እንግዲህ።»

«ዝም በል።»

«እኔ ምን አልኩ? አሉ ነው ያልኩት።»

ያን ዕለት ተከታዮቿ ሰማንያ ስምንት ሺህ ደርሰዋል። መቶ ሺህ የሞላ ጸሐፊ ስሙ በከተማዋ ዋና ግድግዳ ላይ ይበራል። ትርንጎ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። መቶ ሺህ ይሙላ፣ ከዚያ እጽፋለሁ፤ እስከ እሑድ ጊዜ አለ።

ቅዳሜ ሞላ። አደባባዩ ላይ ወጥታ «ሰንጢ» የሚለው ስም እንደ በር ሰፍቶ ሲበራ አየች። ሕዝቡ ቀና ብሎ ያያል። ከኋላዋ የቆመ ሰው ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ «እህት፣ ከለልሽን እኮ፣ ፈቀቅ በይ።» ፈቀቅ አለች።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጻፈች። «ተሳስቻለሁ። ጸሐፊዋ ሰው ናቸው፤ የተተከለው ልባቸው ነው። ረቡዕ አውቄ ዝም ብያለሁ።» ላከችው። አምባሯ ነዘረ፦ «ምትዎ መቶ ሠላሳ ነው። ጽሑፍዎ እስኪበርድ ግማሽ ቀን ይቆያል።»

ሰው በንዴት ጽፎ ሰው እንዳይጎዳ የወጣ ደንብ ነው። ውኃ ጠጣች። ወለሉ ላይ ተጋደመች። ቆይታ ላከች፤ መቶ ሃያ ስድስት። ወደ ቢሮ ሮጠች፤ እሑድ ነው፣ ዝግ ነው። በሩን ተደግፋ ደግማ ላከች፤ መቶ አርባ አንድ። የሰኞውን ክስ ስትልክ ልቧ ስልሳ ስምንት ነበር፤ እሱን ለደቂቃ እንኳ ያቆመው አልነበረም።

ከሸራው በላይ ፀሐይ ጠለቀች። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ጽሑፍ ተደመሰሰ።

የእርምት ጽሑፉ ሲወጣ ሕዝቡ «እንዴት ያለች ቅን ጸሐፊ!» አለና ሌላ ሃያ ሺህ ሰው ተከተላት። ትርንጎ ይመኙሻልን ፍለጋ ሸራው ድረስ ወጣች። ሥራ ለቀዋል፤ ወዴት እንደሄዱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ከወር በኋላ አንዳርጌ ለሌላ ጉዳይ የክፍሉን መመሪያ ሲያገላብጥ ቆየና ትርንጎ ለጀማሪ ነው ብላ ካለፈችው ገጽ ላይ ጮክ ብሎ አነበበ።

«አንቀጽ አሥራ አራት። የተተከለ ልብ ያለው ሰው ሲቀርብ መመርመሪያው አይታመንም። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ‹ሰው ነው› ካለ እሽጉ በዚያው ሰዓት ይነሣል። ማስረጃ አይጠየቅም፤ የሠራተኛው ቃል ይበቃል።»