የጋሽ ተሰማ የመጨረሻ «አዎ»

ኢንስፔክተር በዛወርቅ ከቦንጋ ገበያ በላይ ካለው ግቢ ስትደርስ፣ ጋሽ ተሰማ ወንበራቸው ላይ እንደተደገፉ ሞተው ነበር። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል። አጠገባቸው የብርዝ ብርጭቆ አለ፤ ግማሹ ተጠጥቷል።

«መርዛዋለች!» አለ ታናሽ ወንድማቸው ኢሳይያስ፣ የሟች ሚስት ወደሆኑት እትዬ የሻረግ እየጠቆመ። «ማስታመሙ ሰልችቷታል።»

ጋሽ ተሰማ ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው ከተዘጋ ወዲህ፣ ሲያጎርሷቸው የኖሩት እትዬ የሻረግ ብቻ ናቸው። ይህ ደግነት አሁን ዞሮ ማስረጃ ሆነባቸው። በዛወርቅ ግን ሰው በጮኸ ቁጥር ይበልጥ ቀስ የምትል ሴት ናት።

«ብርዙን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የማንኪራ ጫካ ማር ነው፤ ድሮም ነፍሱ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አዎ አለኝ።» የሴትዮዋ ፊት ድንገት በራ። «ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።»

«ቃል አወጡ?»

እትዬ የሻረግ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው አሳዩዋት። «እንዲህ ብሎ ዐይኑን ከደነ። ተኛ ብዬ ጋቢ አለበስኩት።»

«ምን ጠይቀዋቸው ነው?»

«እሱ የኔና የሱ ነው፣ ልጄ።»

በዛወርቅ አልገፋችም። ጋሽ ተሰማን ቤት ድረስ እየመጣች ንግግር ወደምታለማምዳቸው ተማሪ፣ ወደ ትሕትና ሄደች። የንግግር ሕክምና መምህሯ ፍቃዱም አብሯት ነበር።

«እንደ ብርዝ ያለ ቀጭን መጠጥ አልከለከላችሁም?»

«በትንሽ በትንሹ ይሞክሩ፣ ካሳላቸው ያቁሙ ነው ያልኩት» አለች ትሕትና እያለቀሰች። «የተማርንባቸው ሕመምተኞች ሁሉ ትን ሲላቸው ያስላሉ።»

«የትኞቹ ሕመምተኞች?»

ፍቃዱ መሬት መሬት አየ። ለማስተማሪያ የሚሆን ሕመምተኛ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮምፒውተር ላይ የተፈጠሩ ሕመምተኞችን ከእውነተኞቹ ጋር እየቀላቀለ ያስተምራል። «ስለ መዋጥ ችግር ያስተማርኩት በተፈጠሩት ብቻ ነው» አለ።

«እነሱ አዎ ሲሉስ?»

«አዎ ይላሉ። በቃል።»

የሐኪሙ የአስከሬን ምርመራ ውጤት እንደመጣ በዛወርቅ አራቱንም ልቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «ብርዙ የተገኘው ሳንባቸው ውስጥ ነው። ጋሽ ኢሳይያስ፣ ወንድምዎን ይወዷቸው ነበር?»

ኢሳይያስ ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አዎ ነዋ! ምን ጥያቄ ነው?»

«እትዬ የሻረግም የሰሙት ይህንኑ ነው። እኛ ትንፋሽ ስበን አዎ እንላለን። የተፈጠሩት ሕመምተኞች እንዲህ አይሉም፤ ትን ሲላቸውም ሁልጊዜ ያስላሉ። ስለዚህ ትሕትና ያስጠነቀቀችው ስለ ሳል ብቻ ነው። የጋሽ ተሰማን ጉሮሮ ግን ስትሮኩ አደንዝዞታል፤ ማሳል አልቻሉም። ብርዙ በተሳሳተው መንገድ ሲገባ አየር ፍለጋ አንዴ ሳቡ...»

ፍቃዱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእሷ አይደለም» አለ፣ ወደ ትሕትና እያየ። ኢሳይያስ እትዬ የሻረግ እግር ላይ ወደቀ። እሳቸው ግን አላዩትም።

«ስትሮኩ የመታው እኔ ለሠርግ ወደ ደካ ሄጄ ሳለሁ ነው» አሉ። «አትሂጂ ብሎኝ ነበር። ብቻውን ወድቆ አገኘሁት። ብርዙን እያጠጣሁት፣ ይቅር ብለኸኛል ወይ፣ ነው ያልኩት።»

ወደ በዛወርቅ ዞሩ።

«ታዲያ... አላለኝም ማለት ነው?»

በዛወርቅ በሥራዋ መዋሸት የፈለገችበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች።

እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«መርዛዋለች ብለሽ ብታስሪኝ ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ።»