የሠላሳው ፍሬም ልክ

ልጅቷ በአያቷ ዎርክሾፕ ውስጥ የአሮጌውን ፍሬም መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ስትጨርስ ጀርባውን ገለበጠችው። እንጨቱ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ጽሕፈቱ የአያቷ ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ዘመም ይላሉ።

«ልኩ ተሳስቷል። ሠላሳውም ፍሬም።»

ከተማቸው በየዓመቱ ከብዙ አገር የሚመጡ የካርቱን ሠዓሊዎችን የምታስተናግድበት የቀልድና የሽሙጥ ሥዕል ፌስቲቫል ነገ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል። ታሪኩን በግድግዳ የሚሰቅሉት ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ለእሷና ለጓደኛዋ ደርሷቸዋል።

ታሪኩን የማያውቅ የለም። በዚያ ዓመት ዳኞቹ በከንቲባው የሚያሾፉትን ሥዕሎች ፈርተው ጣሏቸው። ፍሬሞቹን የሠሩት አናጢው አያቷ ግን ማንንም ሳይፈሩ የተጣሉትን አዳራሽ ውስጥ ሰቀሏቸው። ከንቲባው መጥተው በርሜል የሚያክለውን ሆዳቸውን ሥዕሉ ላይ ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። ወሬው ባሕር ተሻገረ፤ በዓመቱ ከሰባት አገር ሥዕል መጣ። ነገ አያቷ ለዚያ ድፍረታቸው ይሸለማሉ።

«ምን ሆነሽ ነው የፈዘዝሽው፣ ሚሊሜትር?» አለቻት ጓደኛዋ። ይህን ስም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ሁሉን ካልለካች አትረጋጋም ብላ። እሷን ደግሞ ወሬ ስለማታቋርጥ «ሬዲዮ» ይሏታል።

ሚሊሜትር ሜትሩን አነሳች። ፍሬሙን ለካች። ከዚያ ዳኞቹ መርጠዋቸው ሳይሰቀሉ የቀሩትን ሥዕሎች ከዎርክሾፑ ጥግ አውጥታ ዘረጋች። እያንዳንዱ መስኮት ያክላል።

«እነዚህ እዚህ ውስጥ አይገቡም» አለች ቀስ ብላ። «የሚገቡት የተጣሉት ብቻ ነበሩ። አባባ የሚገባውን ነው የሰቀሉት።»

ሬዲዮ ፍሬሙን ገልብጣ የእርሳሱን ጽሑፍ አነበበች። «አቦ ደምስሺው። ማን ጀርባ ያያል? ነገ በሰው ፊት ሙድ ይያዝባቸው?»

ሚሊሜትር ከጠረጴዛው ላይ ላጲስ አነሳች። ሰው ይህን ታሪክ ባነሳ ቁጥር አያቷ ለምን ተነስተው ደህናውን ወንበር መጠገን እንደሚጀምሩ አሁን ገባት። ላጲሱን ኪሷ ከታ ፍሬሙን ታቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

አያቷ ሣንቃ ይልጋሉ።

«አባባ፣ ይቺን ይዩልኝማ።»

መላጊያውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡ፤ ከዚያ ሣንቃው ላይ ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የመጣውን ሥዕል ለክቼ፣ የቀረውም እንደዚያው መስሎኝ» አሉ። «አዳራሹ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው ጉዴን ያወቅኩት። ተሳሳትኩ ከማለት የሚገባውን መስቀል ቀለለኝ። ያባርሩኛል ብዬ መሣሪያዬን ሸክፌ በር ላይ ቆሜ ነበር። አጨበጨቡልኝ።»

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ?»

«ማን አስጨርሶኝ።»

ሚሊሜትር ላጲሱን ከኪሷ አወጣች። «ልደምስሰው?»

አያቷ ላጲሱንም እሷንም አዩ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ያልተሳቀበት ሰው የለም፤ በከንቲባውም፣ በዳኛውም፣ በሠዓሊውም። እኔ ብቻ እንደ ሐውልት ተገትሬ ቀረሁ። ደከመኝ፣ ልጄ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብላ ደነገጠች። ሳቅ ነበር፤ መነጽራቸውን እስኪያስወልቅ ድረስ ያዛቸው። እሷም ሳቀች።

«ይሄኛው ይሻላል» አለች ከበሩ ስትሰማ የቆየችው ሬዲዮ። «የጀግናውን እኔ ራሴ ሳወራው ያዛጋኛል።»

ሚሊሜትር ወረቀት ከመቁረጧ በፊት ሁለት ጊዜ ለካች። አያቷ የማያዩ መስለው ሜትሩን እያዩ ነበር። ከዚያ ጻፈች፦

«በመጀመሪያው ዓመት ዳኞቹ የመረጧቸው ሥዕሎች ትልልቅ፣ አናጢው የሠሯቸው ፍሬሞች ትንንሽ ነበሩ። ስለዚህ የገቡት ተሰቀሉ። ከንቲባው ሳቁ። አናጢው የሳቁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።»

ወረቀቱ ፍሬሙ ውስጥ ልክክ አለ። የጀርባውን እንጨት መልሳ፣ የእርሳሱን ጽሑፍ ሳትነካ፣ በአራት ሚስማር አጠበቀችው። ፍሬሙን ግድግዳው ሥር አስደግፋ መዶሻውን ቦታው መለሰች።