የማማ ንጋፖኮ ቀኝ ትከሻ

ማማ ንጋፖኮ በስፌት ቤቷ ደጃፍ ጭንቅላቷ ከድንጋይ ተላትሞ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ ወንበር ተገልብጧል። ከበላይዋ ደግሞ ለውድድር ስትሰፋው የከረመችው ባለ አበባ የአልጋ ልብስ ከማገሩ ላይ በመቆንጠጫ ተሰቅሏል። የአይቱታኪ ደሴት ሰው በአንድ አፍ «ስትሰቅል ወድቃ ነው» አለ።

ሳጅን ቴፓኢሩ ሰው ሁሉ ቶሎ ያመነውን ነገር የማትወድ ሴት ነበረች። ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ከኋላ በዚፕ የሚዘጉት ቀሚሶች አቧራ ለብሰዋል፤ የሚለበሱት ሁሉ ከፊት ባለ ቁልፍ ናቸው። የአልጋ ልብሱን አውርዳ ስፌቱን ዳሰሰች። ከጠርዙ ደቃቅና እኩል ነው፤ ገባ ሲል ይራራቃል፣ ይንጋደዳል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ያምራል፣ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው።

በሞተችበት ቀን ከቤቱ የደረሱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባሏ ፓፓ ቱአይኔ፣ እህቱ ቴኡራ፣ እንዲሁም በስፌት ሁልጊዜ ሁለተኛ መውጣት ያንገበገባት ጎረቤቷ ማማ ቫይኔ።

«ማማ ንጋፖኮ ከስፌት ማኅበሩ ለምን ቀሩ?» ሳጅኗ በነጋታው ማማ ቫይኔን ጠየቀቻት።

«ኩራት ነዋ! ንድፌን ትሰርቁብኛላችሁ ብላ። የሷ እጅ ወርቅ፣ የኛ እንጨት!»

«እርስዎ ይቀኑባቸው ነበር?»

«ማን ያልቀናባት አለ፣ አንቺ ልጅ? በየዓመቱ ስትሸለም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ትናንትም ክር ባመጣላት፣ ቀኝ እጇን እንኳ ሳትዘረጋ በግራዋ ተቀበለችኝ። ንግሥት ናታ! ሰጥቻት ወጣሁ።»

ፓፓ ቱአይኔ ጓሮ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

«ፓፓ፣ የማማ ንጋፖኮን ጸጉር ማን ነበር የሚያበጥርላቸው?»

ሽማግሌው እንባው መጣ። «እኔ። ቀኝ ትከሻዋ ደርቆ አልነሳ ብሏት ነበር። ለሰው እንዳትናገር አለችኝ።»

«እሳቸው መስቀል እንደማይችሉ እያወቁ ዝም አሉ?»

«ቤት የነበረችው እህቴ ናት» አለ። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ልጄ። እሷንም ልትወስጂብኝ ነው?»

በማግስቱ፣ ቀብሩ ሳይደርስ፣ ሳጅኗ ሦስቱንም ስፌት ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ማማ ቫይኔ፣ እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ማገሩ ያንሱ።»

ማማ ቫይኔ እያጉረመረመች አነሳች።

«ማማ ንጋፖኮ ይህን አይችሉም ነበር። ትከሻቸው ደርቋል። ጣቶቻቸው ጤነኛ ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ሲሰፉ የሚደርስባቸው የለም። ክንዳቸውን ሲዘረጉ ግን ትከሻው እጃቸውን አይሸከምም፤ ጣት ይደክማል፣ መርፌ ይንቀጠቀጣል፣ ስፌቱ ይንጋደዳል። ቀሚስ ከኋላ አይዘጉም፤ ጸጉራቸውን አያበጥሩም። ታዲያ ልብሱን ከማገር ላይ ማን ሰቀለው?»

ሳጅኗ ወደ ማገሩ አመለከተች።

«ስትሰቅል ወደቀች እንዲባል የፈለገ ሰው። አብረዋቸው የሚውሉት ፓፓና ቴኡራ ትከሻውን ያውቃሉ፤ ይህን ውሸት አይመርጡም። የመረጠው የማያውቅ ነው፤ የታመመ እጅ ሳይዘረጋለት ሲቀር ኩራት የመሰለው።»

ማማ ቫይኔ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ገፋ ነው ያደረግኳት» አለች። «እንደ ገረድ ስታየኝ... ገፋ ብቻ። መሞቷን ሳይ ደነገጥኩ።» ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ፓፓ ቱአይኔ የእህቱን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ትንሽ ቆይታ ማማ ቫይኔ ቀና አለች። «እጇ ከሰነፈ፣ መሐሉን እንዲህ አሳምሮ የሰፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቴኡራ። «እሷ እያሳየችኝ።»

የማማ ቫይኔ ለቅሶ ቆመ። ዓይኗን ከቴኡራ ጣቶች ላይ አልነቅል አለች።

«መቼ ተማርሽው?» ብላ ጠየቀች፤ ከድምጿ ጸጸቱ ጠፍቶ ነበር።

ሳጅን ቴፓኢሩ ተነስታ በሁለቱ ሴቶች መካከል ቆመች።