በጆቴ መዳፍ የተገኘው ማተብ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ሕፃን የያዛችሁ እቅፍ አድርጉት፤ የማወራችሁ ነገር ደም አለበት። እኔ ባልነግራችሁ ሌላ ሰው አጣሞ ይነግራችኋል ብዬ ነው።

ከዲጋ ወደ ዴዴሳ ቁልቁል ሲወረድ ሐሮ ጨፌ የምትባል የገጠር ቀበሌ አለች። የሚበዛው ሰው ኦሮሞ ነው። በድርቁ ዘመን በመኪና ተጭነው የመጡ የወሎ ሰዎች ከወንዙ ወዲህ ሰፍረዋል። የጎጃምና የሸዋ ነጋዴ አለ፤ ወደ ቆላው ዝቅ ሲባል ደግሞ ጉሙዞች አሉ። በገበያ ቀን በኦሮምኛ የተጀመረ ጭቅጭቅ በአማርኛ ያልቅ ነበር።

ያን ሰሞን ዝማሬ የምትባል ወጣት ከወረዳ መጥታ ሕዝቡን በየብሔሩ ትቆጥር ጀመር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ኦቦ ጆቴ ተነሡ። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፊ የቡና ማሳ አላቸው፤ ከአብራካቸው የወጣ ልጅ ግን የላቸውም።

«ሠርፀን በእኔ ቤት ጻፊው» አሏት።

«ብሔሩን ምን ልበል፣ አባ?»

«እሱን ጠይቂው። እኔ የማውቀው ልጄ መሆኑን ነው። ማሳዬም የእሱ ነው።»

ሠርፀ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው። እናቱ በወባ ስትሞትበት ጆቴ አውራ ጣታቸውን ማር አስነክተው እንደ ጡት አጠቡት፤ የጡት ልጅ አደረጉት። እሱም እየሳቀ «በአማርኛ እጸልያለሁ፣ በኦሮምኛ እሳደባለሁ፤ የቀናሽን ጻፊ» አላት።

ሰው ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ጆቴ በቡናቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ።

ያገኛቸው የወንድማቸው ልጅ ባቻ ነው። ሽማግሌው በግንባራቸው ተደፍተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ በመጥረቢያ ተሰንጥቆ፣ ደሙ ረግፎ የነበረውን ቅጠል አልብሶታል። በቀኝ መዳፋቸው ጥቁር ማተብ ይዘዋል። በዚያ መንደር የሚበዛው ጴንጤ ነው፤ ማተብ የሚያስሩት ሰፋሪዎቹ ናቸው።

«የሠርፀ ነው! ሲታገሉት ከአንገቱ በጥሰውበት ነው!» ብሎ ባቻ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ማን ይስማ? ሠርፀን ከደጁ ጎትተው በዱላ ክንዱን ሰበሩት። ሚሊሺያዎች ነጥቀው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ባይቆልፉበት ኖሮ ያኔውኑ ሞቶ ነበር። ሦስት የሰፋሪ ቤት በእሳት ወደመ። አንዲት አሮጊት ከሚነደው ቤቷ በሬዋን አወጣለሁ ስትል ጣሪያው ተደረመሰባት።

ረፋዱ ላይ መርማሪዋ ሊሊሴ ከነቀምቴ ደረሰች። አጭር ናት፤ ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው። ጽሕፈት ቤቱን የከበበው ጎረምሳ ሁሉ ገጀራ ይዟል።

«አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ?» አላት አንዱ።

«እናቴ የዲጋ፣ አባቴ የጎጃም፣ እኔ የነቀምቴ ፖሊስ። ገጀራህን ዝቅ አድርግ፣ ዓይኔን ልታወጣው ነው።»

ጥቂቶች ሳቁ። አንድ ሌላ ግን «ጆቴ አፈር ሳይለብሱ ገዳያቸው ይሞታል» አለ።

«እሺ፤ ገዳያቸውን እስከ ቀብሩ እሰጣችኋለሁ። ካልሰጠኋችሁ በሩ ላይ የምታገኙት መጀመሪያ እኔን ነው» አለችና ገባች።

ሠርፀ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። አንገቱ ላይ ያረጀ፣ ላብ የጠጣ ማተብ አለ።

«አዲስ አስሮ ነው ይላሉ» አለችው።

«ይህንን ያሰረችልኝ እናቴ ናት። ስትሞት አንገቴ ላይ ነበር» አላት። ቀጥሎም «አባቴን አጠቧቸው? ማን አጠባቸው?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ራሱ አንድም አልጠየቀም።

ከዚያ ወደ ማሳው ወረደች። አስከሬኑን ገና አላነሡትም፤ ፖሊስ ይምጣ ተብሎ ነው። ጎንበስ ብላ መዳፉን ብዙ ጊዜ አየችው። ማተቡን በሁለት ጣቷ አነሣችና በመሀረብ ጠቀለለችው።

በሐዘኑ ቤት የሟች ሚስት ቀለሟ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ሀዳኮ፣ እናቴ፣ ጆቴን የሚጠላቸው ማን ነበር?» አለቻቸው።

«ነገራ በድንበር ይጣላቸው ነበር። በግንቦት እገድልሃለሁ ብሏቸዋል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ኦቦ ጆቴ ለነገራ ጀርባቸውን ይሰጡ ነበር?»

«ኤዲያ! እሱ ካለበት መንገድ ዞረው ነው የሚሄዱት።»

ነገራ ጥግ ይዞ ንፍሮ ይቅማል። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ለምትጠላቸው ሰው ሐዘን በጣም በላህ» አለችው ሊሊሴ።

«ብበላስ? ተጣልቼ ነበር እንጂ አልገደልኩ! ደግሞ ቀለሟ ራሷ አቀረበችልኝ፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? ካሰርሽኝም ጠግቤ ልታሰር።»

«መጥረቢያህስ?»

«ደጄ ግንድ ላይ ተሰክቷል፤ ሂጂና እዪው። ትናንት እንጨት ፈልጬበት ሙጫውን እንኳ አልጠረግኩም።»

ባቻ እንደ እሳት ወዲያ ወዲህ ይላል። ያስተናግዳል፣ ያለቅሳል፣ ንፍሮ ያዞራል፣ ለቀባሪ ውሃ ይሰጣል። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ የወንድም ልጅ!» እያለ ያመሰግነዋል። ሊሊሴም «መጥረቢያህን አሳየኝ» ብትለው «ከሰሞኑ ተሰርቆብኛል፣ እህቴ» አላት።

ቆይታ ወደ አጥሩ ኋላ ዞር ስትል ባቻን አገኘችው። የነገራ ሚስት ለለቀስተኛ ካመጣችው እንቅብ ዳቦ ቆርሶ እየተቻኮለ ይውጣል።

«ርቦህ ነው?»

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አላት።

እሷም ወደ ቤት ተመለሰች፤ የቀብሩ ሰዓት ግን እየደረሰ ነበር። ጎረምሶቹ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ጀምረዋል። ሊሊሴ ሁሉንም ወደ ጆቴ ደጅ አስጠራች፤ ጎረምሶቹን፣ ለቀስተኞቹን፣ ነገራን፣ ባቻን፣ ቀለሟን። ሠርፀንም በሚሊሺያ አስመጣችው። ሰው ሲያየው ድንጋይ አነሣ።

«ድንጋያችሁን ያዙት፤ ብቻ እስክጨርስ ጠብቁኝ» አለች። መሀረቧን ፈታች። «ይኸው ማተቡ። ከገዳዩ አንገት ተበጥሶ ተገኘ አላችሁኝ። የት ላይ ነው የተበጠሰው?»

አንዱ ጎረምሳ ተቀብሎ ገለባበጠው። «አልተበጠሰም። ቋጠሮውም አለ።»

«በጭንቅላትህ አስገባው።»

ሞከረ። ግንባሩ ላይ ቀረበት። ሰው ተያየ።

«ማተብ ያሰረ ሰው ያውቀዋል። አንገት ላይ ነው የሚቋጠረው፤ ካልበጠሱት ወይ ካልፈቱት በራስ አይወጣም። ይህ ግን ሳይበጠስ ሳይፈታ መዳፍ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ ከማንም አንገት አልመጣም። ዕድሜውን ማተብ አስሮ የማያውቅ ሰው ነው ያለ አንገት ቋጥሮ ያስቀመጠው። ደግሞ የኦቦ ጆቴ መዳፍ ደም ጠጥቷል፣ ማተቡ ግን ንጹሕ ነው። ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው የገባው።»

«እንግዲያ ነገራ ነው!» አለ አንዱ፤ ነገራም ተነሥቶ ቆመ።

«ተቀመጥ፣ ነገራ። ሽማግሌው የተመቱት ከኋላ ነው፤ ለነገራ ደግሞ ጀርባቸውን አይሰጡም። ጀርባቸውን የሰጡት ለሚያምኑት ነው።» ቀለሟን ጣሳ ውሃ ለመነቻቸው። «ሀዳኮ፣ በሚጠጡበት ጣሳ ይሁን።»

ልጆቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣው ተከፍሎ ሳይታረቅ ከሟች ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ጉማ ይባላል። ደሙ ያንቀዋል ተብሎ ይፈራል። ሰው ጴንጤም ሆነ ምንም፣ ያ ፍርሃት አብሮት ያድጋል።

ሊሊሴ ጣሳውን ለባቻ ዘረጋችለት። «ቀኑን ሙሉ ለሁሉ ስታዞር ዋልክ። አንዲት ፍሬ ንፍሮ ወደ አፍህ አልሄደችም። ሐዘን ዘግቶት ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን አጥር ኋላ የነገራን ቤት ዳቦ ስትውጥ አየሁህ። የጎረቤት እህል ይወርድልሃል፤ የአጎትህ እህል ነው የማይወርድልህ። በል፣ ይህችን ውሃ ጠጣና ሠርፀን እኔው ራሴ እሰጣቸዋለሁ።»

ባቻ ጣሳውን ተቀበለ። ከንፈሩ ድረስ አደረሰው። አፉን ሳይከፍት ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«ጠጣ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ቀለሟ፤ ገና አልገባቸውም ነበር።

ያኔ ጣሳውን ወረወረው። ከጎኑ የቆመውን ልጅ ገጀራ ነጥቆ በሠርፀ ላይ ተወረወረ። ሊሊሴ ክንዷን አስገባች፤ ስለቱ እስከ አጥንቷ ዘለቀ። ነገራ ከኋላ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ጣለው፤ ላዩ ላይም ተቀመጠበት።

«የአባቶቼን አፈር!» እያለ ባቻ ጮኸ። «የአባቶቼን አፈር ለመጤ ልጅ! በሕዝብ ፊት! እሱን ብትገድሉልኝ፣ ሰፈሩን ብታነዱልኝ ሁሉ ያልቅ ነበር! ማሳው ለማን ይቀር ነበር? ለእኔ!» መጥረቢያውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንደጣለውም እዚያው ተናገረ።

ድንጋይ የያዘ እጅ ሁሉ አንድ በአንድ ተፈታ። ጋዝ ያርከፈከፈው ጎረምሳ አንገቱን ደፋ፤ እያንዳንዱ ያደረገውን ያውቃል። ሠርፀ ግን ወደ ማንም አላየም። በተሰበረው ክንዱ ፋንታ በግራው ዶማ አነሣና ወደ መቃብሩ ሄዶ መቆፈር ጀመረ። ዶማው አልታዘዘው አለ። ነገራ ሄዶ ከጎኑ ቆመና አብሮት ቆፈረ። ኋላ ያ ጎረምሳም ጨመረ። ሁለት ጉድጓድ ቆፈሩ፣ አንዱ ለጆቴ፣ አንዱ በእሳት ለሞተችው አሮጊት። ሁለቱም ባንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ተቀበሩ።

የአሮጊቷ ስም የሺወርቅ ነበር። ያን ቀን ስሟን የጠራላት ሰው አልነበረም። ልጆቼ፣ እናንተ ግን ብታስታውሱልኝ ደስ ይለኛል።